የጥያቄ ምልክቶቼ ይመለሱልኝ

ለተከበሩ የሕንፃ ንድፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንደተሟላ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም ያለመታከት እያገለገለዎት እንደሚሆን ተስፋዬ ነው። እኔ የገንዳ ውሃ ቅርንጫፍ የንድፍ ባለሙያዋ ዝናሽ፣ ሙቀቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ደህና ነኝ። የምጽፍልዎት ላመሰግንዎት ነው፤ ደብዳቤውን በአደባባይ ያደረግሁትም በቢሮ በኩል የላክኋቸው ምስጋናዎች መንገድ ላይ ሳይደክማቸው አልቀረም ብዬ ነው።

አንደኛ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት በኮምፒውተር ለምንሠራቸው ንድፎች ሁሉ ይህን ብቻ ተጠቀሙ ብለው ስለላኩልን ፎንት አመሰግናለሁ። የቬትናም መሆኑን ያወቅሁት ከጫንኩት በኋላ፣ ቆብ የደፉና ከግርጌያቸው ነጥብ ያንጠለጠሉ ፊደላት ተደርድረው ሳይ ነው። አማርኛ ሲጻፍበት እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል። አንድ የሐኖይ አናጢ ንድፋችን ወደሚሠራባት ገለጉ ድረስ ቢመጣ በቋንቋው እናስተናግደው ነበር፤ የገለጉው አናጢ ግን ይገምት ተባለ።

ሁለተኛ፣ በዚሁ ምክንያት ገለጉ ላይ ጤና ጣቢያ የሚያሠራው ፎርማን ደሴ ይደውልልኝ ጀመር። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ «እህትዓለም፣ ይቺ ጥያቄ የበዛባት ክፍል የምን ናት?» ይለኛል፤ ማዋለጃ ናት እለዋለሁ። ከዚያ ስለ ሰሊጡ፣ ስለ መንገዱ፣ ጎጃም ስለቀሩት ልጆቹ ያወራኛል። ወባ ይዞኝ በሰነበትኩ ጊዜ ከድምፄ መታመሜን ያወቀ እሱ ብቻ ነው። ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት በዚያው ሰሞን የደረሰኝ ሪፖርት ለምን ዘገየ የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ስላሰቡኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፣ ይላክልን እያልኩ ስወተውት የኖርኩትን የአማርኛ ፎንት ባለፈው ወር ላኩልን። ማዋለጃው ማዋለጃ፣ መድኃኒት ቤቱም መድኃኒት ቤት ሆኖ ቁልጭ ብሎ ታየ። እልል ልል ስል የሚሰማኝ ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ። ደሴም የሚደውልበት ምክንያት አጣ። ባልደረቦቼ አንድ በአንድ ተዛውረው ካለቁ ወዲህ ፊት ለፊቴ ያለው ጠረጴዛ ባዶ ነው፤ ሰው ይመደብልኝ ብዬ ስጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» ስለተባልኩ፣ ሂደቱ ሲደርስ እንዳያፍር በየጠዋቱ አቧራውን እጠርግለታለሁ። ክቡርነትዎ፣ ብቸኝነቱ ከሙቀቱ ይብሳል። ሰው ይላኩልኝ፤ ካልሆነም የጥያቄ ምልክቶቼን ይመልሱልኝ።

የባዶውን ወንበር ሰላምታ ከራሴው ጋር አዳብዬ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ዝናሽ፣ ከገንዳ ውሃ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ደሴ ደወለ፤ ያቺ ክፍል የምን ናት ሲል ጠየቀኝ። አዲሱ ንድፍ አልደረሰህም ወይ ስለው፣ «ደርሶኛል፤ ፊደሉም ጥርት ብሎ ይነበባል» አለኝ። ማዋለጃ ናት አልኩት፤ እንደ ድሮውም ብዙ አወራን። የእኔ ስልክ ቁጥር ጽሕፈት ቤትዎም ዘንድ አለ፤ ቁጥር ደግሞ፣ ክቡርነትዎ፣ በቬትናሙም ፎንት ይነበባል።