ልጄን ያስተኛ ስለነበረው ሰርቨር

ለክቡር የልደት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? እርስዎም ቤተሰብዎም በሰላምና በጸጥታ እንድታድሩ ከልብ እመኛለሁ፤ እኛ ቤት ጸጥታው ተርፎ ስላስቸገረን የድርሻዎን ቢወስዱልን ደስ ይለናል።

እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር በአንድ ግድግዳ የምጎራበት ሰዓት ሠሪ ነኝ። መዝገብ የሚያከማቹት ትልልቅ ኮምፒውተሮችዎ፣ ሰርቨሮቹ፣ ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ሲያጉረመርሙ ትራሳችን ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ከዓመታት በፊት አቤቱታ አቅርቤ መልስ አጣሁ። በዚህ መሐል ሴት ልጅ ተወለደችልን። እናቷ ዘፍና፣ አክስቷ አዝላ ያቃታቸውን የእርስዎ ሰርቨር በማራገቢያው ድምፅ በአፍታ ይፈጽመው ጀመር። ያኔ አቤቱታዬን ማሰረዝ ይገባኝ ነበር፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራልና ዘነጋሁት።

ባለፈው ሳምንት ግን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መልስዎ ደረሰኝ። የጎረቤትን ቅሬታ በማክበር ሰርቨሮቹ ተነቅለው፣ ሥራው ሁሉ ወደ ክላውድ፣ ማለትም ሩቅ ካለ ድርጅት ወደ ተከራያችሁት ማሽን መዛወሩን ያበስራል። በዕድሜዬ ካቀረብኳቸው አቤቱታዎች ሰሚ ያገኘው ይህ ብቻ በመሆኑ ዕድሌን አደንቃለሁ። ሆኖም፦

፩. ልጄ አትተኛም። አክስቷ የፀጉር ማድረቂያ ከፍታ አጠገቧ ትቆማለች፤ ልጅቱ ግን በማስመሰያ አትታለልም።

፪. ግድግዳው ስስ ስለሆነ ስብሰባችሁን ሳልወድ ሰምቻለሁ። የሒሳብ ሹሟ «ማሽኑ ከዓይናችን አይራቅ» ሲሉ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ደግሞ «መብራት በጠፋ ቁጥር ከምንቆም እንከራይ» ሲሉ፣ ክቡርነትዎ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ብለው ምሳ ወጡ። ቀድሞ መብራት ሲጠፋ «ሲስተም የለም» እንባል ነበር፤ ዛሬ መብራቱ ቦግ ብሎ እያለ ኔትወርክ ሲጠፋ «ሲስተም የለም» እንባላለን። ለእድገቱ እናመሰግናለን። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የተባለውን እርስዎ አንዱን ነቅለው ሌላውን በመትከል አሻሽለውታል።

፫. የልጄን የልደት ምስክር ወረቀት ልወስድ ስመጣ፣ መዝገቧ ከድሮው ማሽን ወጥቶ አዲሱ ጋ እንዳልደረሰ ተነገረኝ። ያለዚያ ወረቀት ሕፃናት ማቆያው አይቀበላትም፤ እናቷም ወደ ሥራዋ መመለስ አልቻለችም። ይሄኛው እንኳ ቀልድ የለበትም፤ ከልቤ አዝኛለሁ።

ስለዚህ ከሰርቨሮቹ አንዷን ይመልሱልን። ክላውዱም ይቀጥል፤ የመዝገቡ ቅጂ ግን እሷም ዘንድ ይቀመጥ፤ እሷም ግድግዳችን ጀርባ ትቀመጥ። ስለ ድምፁ ዳግመኛ ትንፍሽ እንደማልል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ክቡርነትዎን እያዛጋ የሚያከብር፣
የግድግዳ ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የመዝገብ ሠራተኛዋ በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ በሲስተሙ መሠረት ልጄ ገና አልተወለደችም። እኔ ሲስተሙን አምኜ ለመተኛት ሞክሬ ነበር፤ እሷ አላመነችም። ዛሬ ማታ ብቅ ብለው አለመወለዷን እርስዎ ራስዎ ቢያስረዷት ምናልባት ትሰማዎት ይሆናል።