ሆስፒታሉን ወደ ኋላ ለመለሱት ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ደህንነትዎን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ ታሞ እርስዎ ሰርቨሩን በሚያስተዳድሩለት ሆስፒታል መተኛትን ለጠላቴም አልመኝምና።

እኔ ባለፈው ወር እናንተ ዘንድ የሞተች የአንዲት ልብስ ሰፊ ታናሽ ወንድም ነኝ። የምተዳደረው እንደ እርስዎ ሰርቨር በመጠበቅ ስለሆነ፣ ምስጋናዬ የባለሙያ ምስጋና መሆኑን ይወቁልኝ። እንዳይምታታብዎም በቁጥር ለይቼዋለሁ።

1ኛ. የካርድ ክፍሉን፣ የላቦራቶሪውንና የመድኃኒት ቤቱን ሰርቨሮች በአንድ ማሽን ላይ አጉረው፣ መጠባበቂያ ቅጂውን፣ ባክአፑንም፣ እዚያው ዲስክ ላይ ስላስቀመጡ አመሰግናለሁ። ትርፍ ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፎ የወጣ ሰው ከዚህ በፊትም አይቻለሁ፤ በዚህ ብልሃቱ ኃላፊ የተባለ ግን እርስዎን ብቻ ነው።

2ኛ. ዝናቡ ሳይገባ ሶፍትዌር ሲያድሱ፣ ምናልባት ቢበላሽ ብለው የካርድ ክፍሉን ሰርቨር ስናፕሾት አንስተው ነበር። ስናፕሾት ሰርቨሩ በዚያች ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ ይዞ ያቆያል፤ ሥራው ሲያልቅ ካልተወገደ ግን ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ለውጥ ሁሉ እየተጠራቀመ ዲስኩን ይበላዋል። እርስዎ ረሱት። ዲስኩ ሊሞላ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ በየጠዋቱ ሲደርስዎ፣ ማስጠንቀቂያውን አጠፉት። ጸጥታ ወዳድነትዎን አደንቃለሁ።

3ኛ. ዲስኩ ጢም ብሎ ሰርቨሩ ቀጥ ባለ ጊዜ፣ በሽተኛው ኮሪደሩን ሞልቶ፣ ዳይሬክተሩ ከጀርባዎ ቆመው «አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የሚነሣው?» ሲሉዎ፣ ማድረግ የነበረብዎ ቦታ አስለቅቆ የተጠራቀመውን ለውጥ ከዋናው ዲስክ ጋር ማዋሐድ ነበር። እሱ ሰዓታት ይፈጃል። እርስዎ የሚፈጥነውን መርጠው ሰርቨሩን ወደ ስናፕሾቱ መለሱት። በእርግጥም ተነሣ፤ ግን ዝናቡ ሳይገባ ወደነበረበት ቀን ተመልሶ ነው። ባክአፑም እዚያው በሞላው ዲስክ ላይ ቦታ አጥቶ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው የሕሙማን መረጃ ሁሉ ጠፋ። እርስዎ ግን «ይኸው፣ ሠራ!» ብለው ከዳይሬክተሩ ጋር ተጨባበጡ፤ ለሐኪሞቹም የጎደለ ነገር እንዳለ ትንፍሽ አላሉም።

4ኛ. ከጠፋው መካከል ስለ እህቴ የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማትና በቅርቡ ሊገድላት ደርሶ እንደነበር የምትናገር። እህቴ በትኩሳት ራሷን ስታ ጎረቤቷ ሲያመጣት፣ እኔ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ። ነርሷ ስክሪኑን አየች፤ «ምንም የሚከለክላት የለም» አለች፤ ፔኒሲሊን ወጋቻት። ስደርስ ፊቷ አብጦ ስላላወቅኋት፣ በስህተት ሌላ ክፍል ያስገቡኝ መሰለኝ። የለየኋት በጣቶቿ ላይ ባለው የመርፌ ጠባሳ ነው።

5ኛ. አጣሪ ኮሚቴው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ ነርሷን አባረረ፤ ለእርስዎ ግን አገልግሎቱን በፍጥነት ስለመለሱ የምስክር ወረቀት ሰጠ። እንኳን ደስ አለዎ።

የእናቴን ነገር ቁጥር አልሰጠሁትም። ባለፈው ሳምንት ከካርድ ክፍል ደውለውላት፣ የጠፋ መረጃ ስላለ «ልጅዎ መጥታ እንደገና ትመዝገብ» አሏት። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እናንተው ጋ አይደል እንዴ የቀረችው?» አለች። ደዋይዋ ዘጋችው። እናቴ ግን መልስ ስትጠብቅ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ቆየች።

ወንበርዎ ይጽና፣ ዲስክዎ አይሙላ፣ እንቅልፍዎ የጠገበ ይሁን፤ እኛ ቤት የተረፈ እንቅልፍ ቢኖር ኖሮ በጨመርንልዎ።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሣት፣
የልብስ ሰፊዋ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተከበሩ እናትዎን ለሕክምና ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲያስገቡ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጅ ማለት እንዲህ ነው። የዚያን ሆስፒታል ሰርቨሮች የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ ሐሳብ አይግባዎ። ባክአፑ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ተመልሶ መሥራቱንም ራሴ እየሞከርኩ አረጋግጣለሁ። እናትዎ የማይስማማቸው መድኃኒት ካለ ለነርሷ ይንገሯት፤ እኛ ዘንድ የተጻፈ አይጠፋም።