ከደጃፌ የተመለሰው ሣጥን

ሆሳዕና፣ ሌሞ
ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለልጄ ለጵርስቅላ ዋለ
ሐረር

የዘማቾች ማኅበራችን የእናትሽን ሣጥን ደጃፌ ድረስ አምጥቶ፣ ሬሳዋ ቤት ውስጥ ተጋድሞ ሳለ ባዶውን ይዞት ተመለሰ። የተደረገብኝ በደል ይህ ነው። ሰላምታውን ኋላ እሰጥሻለሁ፤ ይህ በልቤ ተቀምጦ ደኅና ነሽ ወይ ማለት አልሆነልኝም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «እማማን በሃይማኖቷ ቂም ይዘው ከጓሮ ቀበሯት ይባላል፤ እውነት ነው አባባ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ማን እንደ ነገረሽ አልጠይቅም። አክስትሽ እታለም እንደ ሆነች አውቃለሁ። እሷ በዕለቱ አልነበረችም፤ አንቺም መንገዱ ርቆሽ አልደረስሽም። እኔ ግን ነበርኩ፤ ስለዚህ የእኔን ስሚ።

ማኅበሩን ታውቂዋለሽ። ጠላት ሲወጣ በጫካ የነበርን ሰዎች ያቆምነው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በስተ ምሥራቅ ለእኛ የተከለለ የመቃብር ቦታ አለን። ሞት ሲደርስ ማኅበሩ ሣጥን ያሠራል፣ ባንዲራ ያለብሳል፣ አራት ሰው ተሰልፎ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። እኔ ፊደልን ከጋዜጣ ቁራጭ በራሴ የለቀምኩ ሰው ነኝ፤ ያነበብኩትን ማንም አያስረሳኝም። የደንቡ አንቀጽ ሰባት «አባልና ሚስቱ» ይላል። ሌላ ነገር አይልም። በዚህ ደንብ ዘጠኝ ሣጥን በትከሻዬ ተሸክሜአለሁ።

እናትሽ የካቲት ፳፯ ቀን ማክሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈች። ሦስት ሰዓት ላይ ሣጥኑ ባንዲራ ለብሶ መጣ። ተኳሾቹ ከእንሰቱ ጥግ ቆሙ። የማኅበሩ ጸሐፊ ተክለ ሃይማኖት ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ስሟን ገነቴ ብሎ ጻፈ፣ ዕድሜዋን ጻፈ። ከዚያ «የንስሐ አባቷ ማን ይባላሉ?» አለኝ።

«የላትም» አልኩት።

«ኧረ ቀስ በል ሃምሳ አለቃ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። አገር የሚያውቀውን ከማን ልደብቅ?»

ብዕሩን አስቀመጠ። ቦታው ያለው በቤተ ክርስቲያን ምድር ነውና የንስሐ አባት የሌለው ሰው አይገባበትም አለ። ይህ በደንቡ የት እንደ ተጻፈ ብጠይቀው ቅጹን በእጄ አስያዘኝ። በጫካ አዛዤ የነበሩት፣ ዛሬ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የሆኑት ፊታውራሪ ኃይለሚካኤል ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ዋለ፣ በመጨረሻ ሰዓቷ ተመልሳለች፣ መስቀል ተሳልማለች በል። ቄስ ተረፈ ስማቸውን እንድናስገባ ፈቅደዋል፤ ይፈቷታል። አንዲት ቃል ናት።»

«ጌታዬ፣ ከሚሲዮን የጸሎት ሰዎች ወገን መሆኗን ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ሰው ያውቃል፤ ወረቀቱ አያውቅም።»

«አልተሳለመችም።»

«አንተ ግትር! ጣሊያን አገሩ የገባው አንተ ሰልችተኸው ነው። ሬሳ አስቀምጠህ ትከራከረኛለህ?»

ልጄ፣ በሃይማኖቷ ሃያ ዓመት ተጣልቻታለሁ። በጆሮሽ የሰማሽው ነውና አልክደውም። ግን አንድ ቀን እንኳ እኔን ደስ ይበለው ብላ አልዋሸችም። የእኔ ወገኖች ሲመጡ «ለዛሬ ብቻ ማተብ እሰሪልኝ» እላት ነበር። «ላንተ ብዬ አስሬ ሲሄዱ ልፈታው ነው? አንተ ሰውዬ፣ አንገቴ የከብት ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር። በሕይወቷ ያልረታኋትን ሴት አፏ ሲዘጋ ልርታት? ይህን የሚያደርግ ወንድ አይደለም። ቅጹን ለተክለ ሃይማኖት መለስኩለት።

ፊታውራሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባንዲራውን አጣጠፉት። አራት ሰዎች ባዶውን ሣጥን አነሡ። አንዱ ኃይሉ ነበር። ባለፈው ክረምት የሚስቱን ሣጥን ጭቃ እየረገጥኩ የተሸከምኩለት ሰው ነው። ቀና ብሎ አላየኝም። ሣጥን ወደ ሬሳ ሲሄድ እንጂ ከሬሳ ሲመለስ በዕድሜዬ አላየሁም።

የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ሳህሉ ከሰዎቹ ጋር አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። ሃያ ዓመት በሙሉ ሰላምታውን በአንገቴ ብቻ የምመልስለት ሰው ነው። የሆነውን ሁሉ አየ። ሰዎቹን አስከትሎ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ከጸሎት ቤታቸው በኩል የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ሁለት አግዳሚ ወንበራቸውን ፈትተው ሣጥን ሠሩላት። ሣጥኑን በእጄ ዳሰስኩት። የአንዱ ጎን ጣውላ ሰው ብዙ ዘመን ተቀምጦበት ለስልሷል። እሷም ተቀምጣበት ይሆናል።

ጉድጓዱን ራሷ በተከለችው እንሰት መካከል ቆፈርን። ሳህሉ ጠጋ ብሎ «ሃምሳ አለቃ፣ ጠመንጃ አለዎት፤ እርስዎ ይተኩሱላት ይሆን?» አለኝ።

«ዶሮዎቼን ታስበረግጋለህ ትለኝ ነበር» አልኩት።

ሰዎቹ ሳቁ። በቀብር ላይ መሳቅ ነውር ነው፤ ግን ሳቁ፤ ያወቋት ሰዎች ነበሩና። ከዚያ በሀዲይኛ ዘመሩላት። ባርኔጣዬን አውልቄ እስኪጨርሱ ቆምኩ።

አሁን ያልነገርኩሽን አንድ ነገር ልጻፍልሽ። አንቺ የተወለድሽው እኔ ጫካ ከገባሁ በኋላ ነው። ስመለስ አራት ዓመት ሆኖሽ ጵርስቅላ ይሉሻል። የልጄን ስም ሳልጠየቅ ወጣ ብዬ ተቆጣሁ። ማን እንዳበላችሁ ግን አልጠየቅሁም። ባሏ ሸፍቷል ብሎ ዘመድ ሁሉ ፈርቶ ሲሸሻት እንሰቷን የፋቁላት፣ ቤቷን የከደኑላት እነ ሳህሉ ናቸው። ይህን በተመለስኩበት ወር ሰምቻለሁ። እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ ግን አንድም ቀን እግዜር ይስጥልኝ አላልኳቸውም። በዚያች ማክሰኞም አላልኩም።

ባለፈው ሳምንት ፊታውራሪ በበቅሎ መጡ። ከበቅሎዋ ሳይወርዱ «ዋለ፣ ያንተ ቦታ እንዳለ ነው። ከጓደኞችህ መካከል ትተኛለህ። ቂምህን ተው» አሉኝ። ገብቼ የቦታውን ወረቀት አወጣሁና ሰጠኋቸው።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ደንቡ አባልና ሚስቱ ይላል ጌታዬ። አባል ያለ ሚስቱ አይልም።»

ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጭኔ ሲመታ በገዛ ኩታቸው ያሰሩልኝ ሰው ናቸው። ከእሳቸው አጠገብ እንደምቀበር ሃያ ዓመት አስቤ ነበር። በቅሎዋን ሲያዞሩ ደኅና ዋል አላሉኝም።

ስለዚህ ስሞት ከእናትሽ በቀኝ በኩል ቆፍሩልኝ። ቦታውን ለክቼ በማዕዘኑ አራት ድንጋይ አኑሬአለሁ፤ እንሰቱን እንዳትነኩት። ማኅበሩ ሣጥን ቢያመጣ ከደጅ መልሱት። ሃይማኖቴን ግን አልለወጥኩም፤ ይህን ማንም እንዳያሳስትሽ። ቄስ ተረፈ መጥተው ይፍቱኝ። እንሰት መካከል አልፈታም ካሉ ይተዉት።

ከጽድ ሁለት አግዳሚ ወንበር እየሠራሁ ነው። ሥራው ዘግይቷል። አንዱ አልቋል፤ የሁለተኛው እግር ቀርቷል። ሲያልቁ ከጸሎት ቤቱ ደጅ አኑሬአቸው እመለሳለሁ። አልገባም።

እንግዲህ ደኅና ነሽ ወይ? የሐኪም ቤቱ ሥራሽስ እንዴት ነው? በሽተኛ ስታነሺ ወገብሽን ጠብቂ። እዚህ ዝናቡ ጀምሯል። ዶሮዎቿ ደኅና ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት እኔው አበላቸዋለሁ፤ እስካሁን አልለመዱኝም። የፊታችን እሑድ የከተማችን ስም የሆነው በዓል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ከእነ ኃይሉ ጎን ግን አልቆምም። ከእጅሽ በረከት አይጥፋ፤ ወልደሽ ሳሚ። የእናትሽ አምላክ ይጠብቅሽ።

የሆነውን ጽፌልሻለሁ። ከእንግዲህ ይህን ነገር አልጽፈውም፣ አልናገረውም። ስትመጪ መቃብሩን አሳይሻለሁ፤ አንድ ቃል ግን አትጠይቂኝ፤ አልመልስልሽም።

አባትሽ
ሃምሳ አለቃ ዋለ ቢራቱ