ከአስፋልቱ ማዶ ሆነው ለሚያዙን ጣቶች

ለተከበሩ አቶ ሰራዊት
የመሥሪያ ቤታችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለአሥሩም ጣቶችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ጣቶችዎን ለይቼ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከመላ አካልዎ ወደ ምዝገባ ክፍላችን ጎራ የሚሉት እነሱ ብቻ ስለሆኑ በቅርብ የምንተዋወቀውም ከነሱ ጋር ነው። እኔ የስም መዝገብ ባለሙያው ጫኔ ሞላ ነኝ። በስሜ ላያውቁኝ ስለሚችሉ፣ በእርስዎ ስክሪን ላይ «ምዝገባ ሁለት» ተብዬ የተቀመጥኩት ሰው መሆኔን ባስታውስዎ ይቀልዎታል። አቋራጭ ለሚወድ ሰው ረጅም ደብዳቤ መጻፍ ድፍረት መሆኑን ስለማውቅ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩ኛ. ኮምፒውተሮቻችንን ካሉበት ሆነው የሚያንቀሳቅሱበትን ፕሮግራም ስለጫኑልን ከልብ አመሰግናለሁ። ዱሮ ኮምፒውተር ሲበላሽ ባለሙያ በእግሩ ይመጣ ነበር፤ በክረምት ጫማው ጭቃ እየለበሰ ይገባና «ምን ሆነባችሁ?» ብሎ ይጠይቀን ነበር። አሁን ከዚህ ሁሉ መንገላታት ገላግለውናል። እርስዎ አስፋልቱን ተሻግሮ ካለው አዲሱ ሕንፃ ላይ ተቀምጠው፣ መስኮትዎ ከመስኮታችን እየታየን፣ ሳያንኳኩ ይገባሉ። እኔ ደብዳቤ እየጻፍኩ ሳለ በስክሪኔ ላይ ያለችው የማውስ ቀስት በራሷ መራመድ ትጀምራለች፣ እኔም እጄን አንስቼ እንደ እንግዳ እቀመጣለሁ። የጥበቃ ሠራተኛችን አብዱልረሂም ይህን ቆሞ ሲመለከት ቆይቶ፣ «ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ እጁ ብቻ ይመጣል፣ እግሩ የለም» ብሏል። ነገሩን ያለው በአድናቆት ይሁን በሌላ እስካሁን አልጠየቅኩትም።

፪ኛ. በሥልጠናው ላይ ማውስ የሚነካ ባለሙያ ጊዜ የሚገድል ባለሙያ መሆኑን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። እርስዎ ሁሉን በቁልፍ ሰሌዳ አቋራጭ እንደሚሠሩ፣ ጣቶችዎም ከዓይንዎ እንደሚቀድሙ ነግረውን ነበር። እውነትም ይቀድማሉ። ባለፈው ሰኞ የጠዋት ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ በሪፖርትዎ ውስጥ «ሀ» እና «ሐ» እንደተዘበራረቁ፣ ሁሉም በሃሌታው «ሀ» እንዲሆን ሲነግሩዎት እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ከስብሰባው ወጥቼ ቢሮዬ ስገባ ቀድመውኝ ደርሰዋል። የጠፋውን ፕሪንተር ሊያገናኙልን የእኔን ስክሪን በሙሉ ስክሪንዎ ላይ ዘርግተው ነበር።

ከዚያም ሪፖርትዎ ትዝ አለዎትና ወደ ራስዎ መስኮት ሊመለሱ ኦልት ታብ ተጫኑ። ክቡር ሆይ፣ እንዲህ ያለው ፕሮግራም መላውን ስክሪን ሲይዝ አቋራጩ የሚታዘዘው ለተጫነው ሰው ሳይሆን ማዶ ላለው ኮምፒውተር ነው። የተለወጠው መስኮት የእኔ ነበር፤ የተከፈተውም የስም መዝገቡ ነው። ሁሉም ሰነድ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ራስጌ ይኑረው ብለው በሰርኩላር ያዘዙን እርስዎ ስለሆኑ፣ የእኔ መዝገብና የእርስዎ ሪፖርት መንታ ሆነው ቢያሳስቱዎት አልፈርድብዎትም። ኮንትሮል ኤች ተጫኑ፣ «ሐ» የሚለውን ሁሉ በ«ሀ» ተኩ፣ አስቀመጡ፣ ዘጉ። እኔ ስልኩን አንስቼ «ኧረ ቆይ ጌታዬ!» እስክል ድረስ ሁሉም አልቆ ነበር። ስልክዎ ደግሞ እንደወትሮው አይነሳም። ኮንትሮል ዜድ የምትባል፣ ሰው ተሳሳትኩ ሲል የሚጫናት አንዲት ትሑት አቋራጭ አለች። እሷን በሥልጠናው ላይ ለምን እንደዘለሏት ያን ዕለት ገባኝ።

በመዝገቡ ያሉት ሐሰኖችና ሐዋዎች በሙሉ በአንድ ትንፋሽ አዲስ ስም አገኙ። የእርስዎ ሪፖርት ግን ከነዝብርቅርቁ በማግሥቱ ተሰራጭቷል፤ እኔም ጋ ደርሶኛል።

፫ኛ. አሁን ስለ አንዲት ልጅ ልንገርዎት። ሐሴት ዱሬሳ ትባላለች፣ የባምባሲ ልጅ ናት። እናቷ መምህርት ለተማርያም ሲያስመዘግቧት ከአጠገቤ ቆመው፣ «በሐመሩ ሐ ነው፤ አደራ» ብለውኝ፣ ፊደሏን በዓይናቸው አይተው ነው የሄዱት። ይህች ልጅ በአዋላጅ ነርስነት ተወዳድራ ግልገል በለስ ሥራ አግኝታለች። ቀጣሪዎቿ የጠየቋት ከመዝገባችን የስም ማረጋገጫ ብቻ ነበር። ማክሰኞ መጣች፣ አተምኩላት፣ «ሀሴት» ብሎ ወጣ። ዲፕሎማዋ፣ መታወቂያዋ፣ የፈተና ውጤቷ ሁሉ በ«ሐ» ስለሆነ ቀጣሪዎቿ እስከ ዓርብ የሚመሳሰል ካላመጣች ቦታውን ለተጠባባቂ እንሰጣለን ብለዋታል። ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ «ጋሼ ጫኔ፣ እኔ እኮ ይቺው ነኝ» ብቻ ነው ያለችኝ። ያን ጊዜ እኔ ልጮኽ ደረስኩ።

፬ኛ. እንዲያስተካክሉልን ላመለከትነው በሁለት ቃል ስለመለሱልን እጅግ አመሰግናለሁ፦ «የተጠቃሚ ስህተት»። በነዚህ ሁለት ቃላት ምክንያት እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። እሱስ ግድ የለም፤ መሳቢያዬ ሰፊ ነው። ልጅቷ ግን ስህተቱ ከሲስተሙ እንዳልመጣ ስለጻፉባት ጉዳይዋ «የስም ለውጥ» ሆኖ ፍርድ ቤት ሂጂ ተብላለች። ፍርድ ቤት እስከ ዓርብ አይደርስም፤ እኔም የተመዘገበ ስም ያለ እርስዎ ፊርማ ልመልስ ብል ደንቡ አይፈቅድልኝም። ከሰኞ በፊት የነበረው የመዝገቡ ቅጂ እርስዎ ዘንድ አለ፤ እሱን ከፍተው «ለውጡ የተፈጸመው ከእኔ ኮምፒውተር ነው» ብለው አንድ ጊዜ ቢፈርሙ ሁሉም እዚሁ ያልቃል። ይህን አጥተውት አይደለም፣ ፊርማ አቋራጭ ስለሌለው ነው።

ስለ ጉዳዩ ሲጠየቁ «ሀም ሐም ድምፁ ያው ነው» እንዳሉም ሰምቻለሁ። ድምፁ ያው ከሆነ የራስዎን ሪፖርት ለማስተካከል ምን እንዲህ አስቸኮለዎት? ለሊቀመንበሩ ሲሆን ፊደል ፊደል ነው፤ ለዱሬሳ ልጅ ሲሆን ግን ድምፅ ብቻ ይበቃታል ማለት ነው። እኔ በእናቷ ፊት አደራ ተቀብያለሁ። እንደ እርስዎ ያለ ባለሥልጣን አደራዬን ከማዶ ሆኖ ሲበላብኝ ደግሞ ዝም ብዬ የማይ ሰው አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ፣ መናደዴንም ከአክብሮት ጋር አሳውቃለሁ።

በሩን ሳያንኳኩ ለሚገቡት፣ ያበላሹትን ሳያዩ ለሚወጡት፣ ጥፋቱን በክብር ለበታቾችዎ ለሚያካፍሉት ለእርስዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም። ፈጣሪ የጣቶችዎን ፍጥነት ለእግርዎም ያድልልኝ እያልኩ፣ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ጫኔ ሞላ
(«ምዝገባ ሁለት»)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በኮምፒውተር ጀምሬው ነበር፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቀስቷ በራሷ ተነሥታ ዘጋችብኝ። ስለዚህ በእጄ ጽፌ በግቢያችን በር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ በሙጫ ለጥፌዋለሁ። ሰሌዳው ከኔትወርክ ጋር ስላልተገናኘ ኦልት ኤፍ ፎር አይዘጋውም፤ ለማንሳት ከፈለጉ አስፋልቱን ተሻግረው፣ በእግርዎ መጥተው፣ በጥፍርዎ መፋቅ ይኖርብዎታል። ከሰሌዳው ሥር አንዲት ልጅ ማረጋገጫና እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች። ስሟን ሲጠይቋት በሐመሩ ሐ ብላ ትነግርዎታለች።