ልጄን ሰው እንዳትፈራ ስላሠለጠኑልኝ

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሥላሴ
የ«ሽልምልም» የሕፃናት ሞዴሊንግ ማሠልጠኛ ሥራ አስኪያጅ
ሳሪስ አቦ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ስቱዲዮዎ መብራት የደመቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ለጠየቀኝ ሰው ደህና ነኝ እላለሁ። ሥርጉት እባላለሁ፤ የአቃቂ በሰቃ ነዋሪ፣ ቂሊንጦ በሚገኝ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛና የስድስት ዓመቷ የእምነት እናት ነኝ። በስሜ ካላስታወሱኝ፣ ባለፈው ወር ቢሮዎ ቆሜ ስጮህ «እህቴ፣ ደንበኞች አሉ፣ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ» ያሉኝ ሴት ነኝ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቀርብልዎ አስቤአለሁ።

አንደኛ፣ በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን ተገኝተው፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል እምነትን መርጠው፣ «ይህቺ ልጅ ተደብቃ መቅረት የለባትም» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ሰው ሲያያት ቀሚሴ ውስጥ የምትሸጎጥ ዓይን አፋር ነበረችና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ሳሪስ ድረስ እያመላለስኳት ቀጥ ብላ መራመድ ስትማር፣ እኔም አብሬአት ቀና ማለት ጀምሬ ነበር። አሠልጣኞችዎ «እንግዳ ሰው ሲያናግርሽ አትፈሪ፣ ፈገግ በይ፣ እጅሽን ስጪ» ብለው ያስተማሯትን ቤት መጥታ በመስታወት ፊት ትለማመደው ነበር።

ሁለተኛ፣ «ራስን ማስተዋወቅ» በሚል ርዕስ ቀርጸው፣ ለእኔ ሳይነግሩኝ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ስለለቀቁት ቪዲዮ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ልጄ በዚያ ጥርት ባለ አንደበቷ ሙሉ ስሟን፣ የትምህርት ቤቷን ስም፣ የእኔን ስም፣ የምሠራበትን ቦታ፣ ከሥራ እስክመጣም ድረስ በየቀኑ አዚዛ ሱቅ ቁጭ ብላ እንደምትጠብቀኝ ተናግራለች። ይህን ያህል የተሟላ መረጃ የቀበሌ መታወቂያም አይዝም።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን በቁጥር አልሄድልኝ አለ፤ ስለዚህ እንደሆነው ልንገርዎ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማሽኔ ላይ ሳለሁ አለቃዬ ስልክ ይዛ መጣች። የደወለችው ጎረቤታችን ባለሱቋ አዚዛ ነበረች። «ሥርጉት፣ እምነት አጠገቤ ናት፣ ደህና ናት። ግን አሁኑኑ ነይ» አለችኝ። «ግን» የሚለውን ስሰማ ማሽኔን እንኳ ሳላጠፋ ሮጬ ወጣሁ።

የሆነው ይህ ነው። ጥሩ የለበሰ ሰው ከነጭ መኪና ወርዶ ቀጥታ ሱቁ ገባና «እምነት፣ ዛሬ ቀረጻ አለሽ፤ እናትሽ ሥርጉት ልካኝ ነው» አላት። ልጄም ልክ እንደተማረችው ፈገግ አለች፤ እጇንም ሰጠችው። አዚዛ የምትመዝነውን ስኳር ትታ ከባንኮኒው ኋላ ወጣችና ሌላኛውን እጇን ያዘቻት። «እናቷ ከላከችህ ደውልና ላናግራት» አለችው። ባትሪ ዘግቶብኛል ሲላት የራሷን ስልክ ዘረጋችለት። ቁጥሬን አላወቀውም፤ በቪዲዮው ላይ ያልተነገረው እሱ ብቻ ነበር። አዚዛ ጎረቤት ስትጣራ የልጄን እጅ ለቀቀና መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ታርጋውን ያየ የለም።

ስደርስ እምነት ከዱቄት ጆንያዎቹ ኋላ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። «እማዬ፣ አዚዛ ቀረጻዬን አስቀረችብኝ!» አለችኝ። እኔ ተረፈችልኝ ብዬ ሳቅፋት፣ ልጄ የምታለቅሰው ሰውየው ጥሏት ስለሄደ ነበር።

በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ ሰውየው የእናንተ ሠራተኛ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅዎ፣ «አይመስለኝም፤ በትርፍ ሰዓት የሚሠሩልን ብዙ ልጆች ስላሉ ሁሉንም አላውቃቸውም» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ያቺ «አይመስለኝም» ከሰውየው ይልቅ አስፈርታኛለች። ቪዲዮውን ያጥፉልኝ ብዬ ስለምንዎም፣ «ብዙ ሰው አይቶታል እኮ፣ ለእሷ ትልቅ ዕድል ነው» አሉኝ። ብዙ ሰው እንዳየው እኔም ደርሼበታለሁ።

ለፖሊስ አመልክቻለሁ፤ ሰውየው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሌሎች ወላጆችን አስከትዬ ስመለስ ቪዲዮውን ስላጠፉት አመሰግናለሁ፤ ሆኖም ሌሎች ገጾች ቀድመው ወስደውት ስለነበር፣ ልጄ ዛሬም በማላውቃቸው ሰዎች ስልክ ውስጥ ሆና የት ቁጭ ብላ እንደምትጠብቀኝ ትናገራለች።

እኔም ፈረቃዬን አስቀይሬ፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የማሠለጥናት ራሴ ነኝ። «ሰው በስምሽ ቢጠራሽም አብረሽው አትሂጂ» እላታለሁ። «ፈገግ ብሎ ቢጠራኝስ?» ትለኛለች። «ያኔማ ሩጪ» እላታለሁ፤ ፊቷም ሲለዋወጥ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ በር ቢያንኳኳ፣ ልጄን አልጋ ሥር ገብታ አፏን በእጇ ይዛ አገኘኋት። ዓይን አፋርነቷን ወስደው በምትኩ ይህን ሰጡኝ።

አሁን በሙሉ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በገጽዎ ላይ ስማቸውንና ትምህርት ቤታቸውን የሚናገሩ ሌሎች ሕፃናት አሁንም አሉ፤ አንዷማ ከትምህርት ቤት መልስ የምትጫወትበትን ሜዳ ጭምር ትናገራለች። ሁሉም ደጅ አዚዛ የለችም። እባክዎ፣ ዛሬውኑ ያጥፉላቸው።

በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ የሚደነግጥ፣ ለደረሰላት የሥልጠና አገልግሎት ውለታዎን ዕድሜ ልኳን የማትረሳ፣

ታላቅ አክባሪዎ
ሥርጉት፣ የእምነት እናት
ከአቃቂ በሰቃ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት በግል ገጽዎ ላይ የልደት በዓል ፎቶዎችን አየሁ። የሁለቱም ልጆችዎ ፊት በቀይ ልብ ምልክት ተሸፍኗል፤ ስማቸውም አልተጻፈም። እንኳን ሸፈኑላቸው። ያሳድግልዎ።