ከጀማል ጋር በአንድ ኪቦርድ

ሰኞ፣ የካቲት 5 ቀን 1982

ደግሞ ቀያይሮታል! ከምሳ ተመልሼ የመጀመሪያውን ስም ስጽፍ መስመሩ ዘለለብኝ። ትልልቅ ፊደል የሚያወጣውን ቁልፍ ትእዛዝ መስጫ አድርጎታል። ስክሪኑንም አደብዝዞታል፤ ዓይኑን ይወጋዋል አሉ፣ የጌታ ልጅ!

እርዳታ ቢሯችን ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው። ጠዋት ጀማል፣ ከሰዓት እኔ። ዶሎ ካምፕ ያሉትን ስደተኞች ስም በእጅ ከተጻፈ መዝገብ እያየን እንጽፋለን። እህል የጫነው መኪና አርብ ጠዋት ዝርዝሩን ይዞ ይሄዳል። ስሙ የሌለ አባወራ አይሰፈርለትም።

"ቁልፎቹን ለምን ነካህ?" ብዬ ስጠይቀው፣ "ይሄ እኮ የጽሕፈት መኪና አይደለም እህቴ። አዲስ አበባ የተማርነው እንዲህ ነው" አለኝ። እኔ ጦር ሰፈር ታይፕ ስመታ እሱ አባቱ ሱቅ ጨርቅ ይለካ ነበር። ቆሽቴ አረረ።

ማክሰኞ 6

"አካም ቡልቴ" ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አለኝ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው። ዘጋሁት።

ከሰዓት ሁሉንም ወደ ራሴ መለስኩ። አሠራሩን ከጀርባው ቆሜ አይቼ ለምጄዋለሁ። አንድ ነገርም ጨመርኩ፦ እሱ ሥራውን የሚያስቀምጥበት ቁልፍ ሳያስቀምጥ፣ ሳይጠይቅም እንዲዘጋ አደረግሁት። አንድ ገጽ ይጥፋበትና ልኩን ይወቅ።

ረቡዕ 7

ጉድ ሆንኩ።

ኃላፊያችን አቶ ክፍሌ እኔን መጋዘን ላኩኝ፤ ጀማል ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሲጽፍ ዋለ። የትልቁን ፊደል ቁልፍ ጠዋት ወደ ራሱ ልማድ መልሶታል፤ ማስቀመጫውን ግን ማን ልብ ብሎ ያያል? የሚያስቀምጠው ደግሞ ሲጨርስ አንዴ ብቻ ነው። ትዝ ያለኝ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሮጬ ስደርስ ስክሪኑ ባዶ ነበር። መቶ ሰባ አባወራ! ልጆቻቸውን አልቆጠርኩም።

ኪቦርዱን አየ፣ እኔን አየ። ገብቶታል። መዝገቡን ዘግቶ ወጣ።

ሐሙስ 8

ገና በጠዋቱ ቢሮ ገባን። "አንቺ ትፈጥኛለሽ" አለና ቁልፎቹን ራሱ ወደ እኔ ልማድ መለሳቸው። እሱ ከመዝገቡ አነበበ፣ እኔ ጻፍኩ።

"ቀስ በል!"

"ስም ነው፣ አታበላሺው!"

በየገጹ አስቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ፣ ተመስገን። ወገቤ ግን የኔ አይደለም።

አርብ 9

መኪናው ሄደ። ሁሉም ስም አለ።

ከዚያ አቶ ክፍሌ ሁለታችንንም ጠሩን። "የረቡዕ ሥራ የት ገባ? ለምን እንደገና ተጻፈ?" እናቴና ወንድሞቼ የሚያድሩት በዚህ ደሞዝ ነው። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ጀማል ቀደመኝ። "ጄኔሬተሩ ጠፋብን ጌታዬ። ሳላስቀምጥ ቆይቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።" ተቆጡት። አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ውጪ ስንወጣ፣ "ማን ዋሽልኝ አለህ?" አልኩት።

"ላንቺ መሰለሽ? ቢያባርሩሽ ያንን ሁሉ ስም ማን ይጽፋል?" ብሎኝ ሄደ።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። አሁንም ንድድ ይለኛል። ቢያሳጣኝ እኮ እንደልቤ እጠላው ነበር! ሰኞ ምን ብዬ ነው ዓይኑን የማየው?