ጮክ ተብሎ የማይነበብ መጽሐፍ

መተማ፣ ኅዳር 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድማችን ለሷሊህ፣ ገዳሪፍ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤዬ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በጤና ያግኛችሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ሁልጊዜ የሚጽፍልዎ ወንድምዎ አብዱልሀኪም ነውና፣ በእኔ በሚስቱ የእጅ ጽሑፍ አይደንግጡ፤ መሠረተ ትምህርት የተማርሁትን ልሞክረው ብዬ ነው።

ሰሊጡ ዘንድሮ ሸጋ ነው። ሱቃችንም ስኳሩንም መጽሐፉንም ይሸጣል። ሠራተኞቹ ከእርሻ ሲመለሱ አብዱልሀኪም እንዲያነብላቸው ደጃችን ይቀመጡ ነበር።

በመስከረም ካድሬው ሼኹንም ቄሱንም የሚሳደብ መጽሐፍ በካርቶን አምጥቶ «ሽጥ» አለው። እሱ ግን «ለደንበኞቼ ጮክ ብዬ የማላነበውን አልሸጥም» ብሎ ጓዳ ከተተው። «የወደደ ይግዛው፣ የጠላ ይተወው፤ አንተን ምን ቸገረህ?» ብዬ ተቆጣሁ። አልሰማኝም፤ የአባትዎ ልጅ አይደል!

የስኳር መጠቅለያ ያለቀብኝ ዕለት፣ ከማይሸጠው መጽሐፍ እየቀደድሁ ጠቀለልሁበት። አንዱ ጥቅል ካድሬው ቤት ገባ። ማን እንደቀደደው ሊጠይቁን ሲመጡ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ «የቀደድሁት እኔ ነኝ» አላቸው።

እዚሁ ከተማ አሰሩት። ምሳውን በየቀኑ አደርስ ነበር። ሐሙስ ዘበኛው ሳህኑን ሳይቀበለኝ «ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። ጎንደር ወስደውት ይሆናል፤ እዚያ ምግብ ይሰጡ ይሆናል። ጋቢውን መልሰውልኛል፤ የጎንደርን ብርድ በምን እንደሚችለው እንጃ።

ልጆቹ እጅ ይነሳሉ። በደብዳቤ መጨረሻ ሰላምታ ሲላክ ከቤቱ ሰው አንድም እንዳይዘለል ያስተማረኝ እሱ ነው። አብዱልሀኪምም ሰላም ይልዎታል።

ዋሲላ